በበረዶ አገር የዕረፍት ቤትና የልጆች የስኪ ትምህርት ቤት ስለ መምረጥ

ልጆቹን ይዞ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ የቤተ ሰብ አባት ሁለት ነገር ተሸክሞ ይሄዳል፤ አንዱ ገንዘቡ ነው፥ ሁለተኛው ልጆቹ በእርሱ ላይ ያላቸው እምነት ነው። ገንዘብ ቢጠፋ በሥራ ይተካል። የልጅ እምነት ግን አንድ ጊዜ ከተነካ ለመጠገን ብዙ ቀን ይፈልጋል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምንጽፈው ነገር ለጊዜው ሲያዩት የጨዋታ ነገር ይመስላል፤ ይኸውም በአልፕስ ተራሮች ለአንድ ሳምንት ዕረፍት የሚሆን ቤትና ልጆች በበረዶ ላይ መንሸራተትን የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ስለ መምረጥ ነው። ዳሩ ግን እኛ ራሳችን በዚህ ነገር ተሳስተን ተምረናልና፥ በጄኔቭ፥ በብሩክሴልና በሌላም ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ ያሉ፥ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ወደዚያ የሚሻገሩ አንባቢዎቻችን ስሕተታችንን እንዳይደግሙት ብለን ያየነውን እንጽፋለን።

«ኢትዮጵያዊ ከበረዶ ጋራ ምን አገናኘው?» የሚል ሰው አይጠፋም። በ6ኛው ምእተ ዓመት ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በአዱሊስ ከድንጋይ ላይ የገለበጠው የግሪክ ጽሕፈት፥ በሰሜን ተራሮቻችን ላይ በረዶው እስከ ጉልበት እንደሚያሰጥም ይናገራል። በእኛም ዘመን ሮቤል ተክለ ማርያም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ዓመት በቶሪኖ፥ በ2010 ዓመትም በቫንኩቨር በተደረገው የብርድ ወራት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ ተሰልፎ በስኪ ሮጧል። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም። ስለ ተራራው ከፍታም የሚፈራ ሰው ቢኖር አይስጋ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፥ ኋላ የምንነግራችሁ ቬንገን የተባለው የስዊስ መንደር 1274 ሜትር ላይ ነው ያለው። በዚያ በረዶ የሚኖረው ምድሩ ከእኛ ምድር ስለሚበልጥ ሳይሆን፥ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን እጅግ ስለ ራቀ ነው።

አስቀድመን ሻሌ የተባለውን ቤት እንግለጽ። ሻሌ በጥንት ጊዜ የተራራ ከብት ጠባቂዎች በሣር ወራት ከላሞቻቸው ጋራ ወጥተው የሚያድሩበትና አይብ የሚሠሩበት የእንጨት ጎጆ ነበረ። ዛሬ ግን በዚያው አምሳል የተሠራ፥ ለእንግዳ የሚከራይ ቤት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ሁለት ዓይነት ነው። በአንደኛው ተከራዩ ቁልፍ ተቀብሎ ራሱ እየገዛና እያበሰለ ይኖራል። በሁለተኛው ዓይነት፥ ይልቁንም እንግሊዞች በለመዱት፥ ቤቱን የሚያሰናዳ ሠራተኛ ቁርስና እራት ያዘጋጃል፤ ከቀትር በኋላም ልጆች ከበረዶው ሲመለሱ ሻይና ኬክ ያቀርባል። ነገር ግን በሳምንት አንድ ቀን ማታ ሠራተኛው ያርፋልና፥ ያን ቀን የት እንደሚበላ አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። የብርድ ወራት ከጾመ ነቢያትና ከዐቢይ ጾም ጋራ ስለሚገናኝም፥ የሚጾም ሰው ሥጋ፥ ወተት፥ ቅቤና ዕንቁላል የሌለበት ምግብ እንደሚፈልግ ከመሄዱ በፊት በጽሑፍ ያስታውቅ። በዚያ አገር ያለ አይብና ያለ ቅቤ የተሠራ ወጥ ቤት ማግኘት ቀላል አይደለምና፥ በደረሱበት ቀን ማታ ቢነግሩት ባዶ ድንች መብላት ይመጣል።

መጀመሪያ በሄድንበት ዓመት ቤቱን የመረጥነው በፎቶግራፍ ነው። የመንደሩንም ሆነ የአከራዩን ስም አንጠራም። ፎቶግራፉ አልዋሸንም፤ ጣራው በረዶ እንደ ባዘቶ የተሸከመ፥ ሰገነቱ በቅርጽ ያጌጠ፥ ምድጃው የሚነድ ቤት ነበረ። ፎቶግራፉ ያልነገረን መንገዱን ነው። አከራዩ «ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ነው» ብሎ ጽፎልን ነበር። እኛም «አጠገብ» ማለት ስንት ደቂቃ እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ገንዘቡን ላክን። ሄደን ብናየው ልጆቹ ከሚሰበሰቡበት ስፍራ ለመድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ ዳገት ሆኖ አገኘነው፤ መንገዱም በሌሊት ውርጭ እንደ መስተዋት ይሆን ነበር። የስኪ ጫማ ከባድና የማይታጠፍ ስለ ሆነ ልጅ ተጫምቶት ዳገት መውጣት አይሆንለትም። ስለዚህ በየማለዳው ባለቤታችን የትንሿን፥ እኛ የትልቁን ስኪና ጫማ ተሸክመን እንወጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን የአምስት ዓመቷ ልጃችን ከመንገዱ መካከል ተቀምጣ «በረዶ አልወድም፤ ወደ ቤታችን እንመለስ» ብላ አለቀሰች። እኛም በልጅቱ ተቈጣን። ኋላ ስናስበው ግን ልጅቱ የጠላችው በረዶውን ሳይሆን ያባቷን ምርጫ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ቤት ስንፈልግ ከፎቶግራፉ በፊት ጥያቄ እናስቀድማለን። አንደኛ፥ ከቤቱ ደጃፍ እስከ ጀማሪዎች ሜዳና ተማሪዎች እስከሚሰበሰቡበት ስፍራ በልጅ እግር ስንት ደቂቃ ነው? መንገዱስ ዳገት ነው ወይስ ሜዳ? ሁለተኛ፥ ርጥብ ልብስና ጫማ የሚደርቅበት ክፍል አለውን? በማግሥቱ ርጥብ ጓንት የሚያጠልቅ ልጅ ትምህርቱን ገና ሳይጀምረው ይጠላዋል። ሦስተኛ፥ አልጋው እንዴት ነው? በሻሌ ቤት ልጆች ብዙ ጊዜ የሚተኙት በተደራረበ አልጋ ላይ ነው። በፈረንሳይ አገር ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የላይኛው አልጋ እንደማይገባ ማስጠንቀቂያ ይደረግበታል፤ ይህ ሕግ በሌለበትም ስፍራ ቢሆን መጠበቁ መልካም ነው። አራተኛ፥ የአንሶላና የፎጣ፥ የመጨረሻው ቀን ጽዳት፥ መንደሩም በእያንዳንዱ እንግዳ ላይ በየሌሊቱ የሚጥለው ግብር በኪራዩ ውስጥ ተቈጥሯልን? ካልተቈጠረ ርካሽ የመሰለው ቤት ውድ ሆኖ ይገኛል። አምስተኛ፥ በረዶ ያጠረ እንደ ሆነ ወዴት ይወጣል? የዓለም ሙቀት እየጨመረ ስለ ሄደ ዝቅ ባሉት መንደሮች በረዶው ከዓመት ወደ ዓመት የማይታመን ሆኗል። መንደሩ ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ ወደ ከፍተኛው ስፍራ ልጆችን በቀላሉ የሚያደርስ ባቡር ወይም የገመድ መሣፈሪያ እንዳለ መመርመር ያስፈልጋል።

ጊዜውንም መምረጥ ከቤቱ ምርጫ አያንስም። በፈረንጆች ልደትና አዲስ ዓመት ሰሞን ኪራዩም ሰዉም ይበዛል። በፈረንሳይ አገር ደግሞ ትምህርት ቤቶች በሦስት ክፍል ተከፍለው ከየካቲት መጀመሪያ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ድረስ፥ እንደ እነርሱ አቆጣጠር፥ በየተራ ስለሚዘጉ ተራራው ይጨናነቃል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ፥ ማለት ከእኛ ልደት በኋላ እስከ ጥር መጨረሻ ያለው፥ ጸጥታና ቅናሽ የሚገኝበት ነው። የልጆቹ ትምህርት ቤት የሚፈቅድለት ሰው ይህን ይምረጥ።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ስኪን በሥርዐትና በክፍል ከፍሎ በማስተማር ስሙ የገነነው ሐነስ ሽናይደር የተባለው ኦስትሪያዊ ነው። በ1921 ዓመት፥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፥ በአርልበርግ ተራራ በሳንክት አንቶን ትምህርት ቤት አቁሞ፥ ተማሪዎችን እንደ ችሎታቸው ለይቶ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ያሳድጋቸው ነበር። ዛሬም ሥርዐቱ በመላው አልፕስ ይኸው ነው። ልጅ መጀመሪያ የሚማረው መቆምን ነው። የሁለቱን ስኪ ጫፍ ወደ ፊት አቀራርቦ ተረከዙን ወደ ውጭ ሲገፋ የእግሩ አቋቋም እንጨት እንደሚፈልጥ ሽብልቅ ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ፍጥነቱ ይበርዳል። መምህራኑ ለሕፃናት «የፒዛ ቁራጭ ሥሩ» ይሏቸዋል። ጀማሪ ልጅ ምርኩዝ አይሰጠውም፤ ስኪውም ሲያቆሙት በደረቱና በአገጩ መካከል የሚደርስ አጭር መሆን አለበት። ትንንሾቹ በዝግታ በሚጐተት የምንጣፍ መንገድ ላይ ቆመው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ጥቂት ተንሸራትተውም ይመለሳሉ።

ደረጃው በየአገሩ ስም አለው። በፈረንሳይ ትምህርት ቤት ሕፃኑ ፒዩ ፒዩ፥ ማለት የጫጩት ድምፅ፥ ከተባለው ጀምሮ በድብ ግልገልና በበረዶ ብናኝ አልፎ ወደ አንደኛ፥ ሁለተኛና ሦስተኛ ኮከብ ይወጣል። በስዊስ ትምህርት ቤት ሰማያዊ፥ ቀይና ጥቁር የተባሉ ሦስት ማዕርጎች አሉ። በእያንዳንዱም ውስጥ ተማሪው በመጀመሪያ ልዑል፥ ቀጥሎ ንጉሥ፥ በመጨረሻም ኮከብ ይባላል። ትምህርት ቤት ሲመርጡ በአንድ መምህር እጅ ስንት ልጅ እንደሚሰጥ፥ መምህሩ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ ይናገር እንደ ሆነ፥ ትምህርቱ ለግማሽ ቀን ነው ወይስ ለሙሉ ቀን፥ በምሳ ሰዓትስ ልጁን የሚጠብቀው ማን እንደ ሆነ ይጠይቁ። ለትንሽ ልጅ ግማሽ ቀን ይበቃል እንላለን፤ ሰውነቱ ሲደክም ፍርሃት ይመጣበታልና።

እዚህ ላይ ሁለተኛውን ስሕተታችንን ልንናዘዝ ግድ ነው። በዚያው በመጀመሪያው ዓመት ትምህርት ቤቱ ስለ አሥር ዓመት ወንድ ልጃችን «ከዚህ በፊት ምን ያህል ተምሯል?» የሚል ወረቀት ላከልን። ልጁ ከትምህርት ቤቱ ጓደኞች ጋራ አራት ቀን ብቻ ተንሸራትቶ ነበር፤ ይህንም ነግሮናል። እኛ ግን ልጃችን ከባልንጀሮቻችን ልጆች በታች እንዲመደብ ስላልፈለግን ሁለት ሳምንት ተምሮ በቀይ ጥርጊያ የሚወርድ አድርገን ጻፍን። ቀይ ማለት ከሰማያዊ የሚከብድ፥ ከጥቁር የሚቀልል መንገድ ነው። በማግሥቱ ልጁ ከማያውቃቸው ጐበዞች ጋራ ወደ ላይ ወጣ። ከገደል አፋፍ የሚመስል ስፍራ ሲደርስ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ቆመ። መምህሩ ሌሎቹን አቁሞ እርሱን በሁለት እግሩ መካከል ይዞ ቀስ በቀስ አወረደው። የዚያን ዕለት ልጁ ምንም አልነገረንም። ማታ በአልጋው ውስጥ ሆኖ ብቻ «አባባ፥ እኔ የነገርኩዎ አራት ቀን ነበረ» አለን።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ እኛ በፍርድ ቤት ዕድሜያችንን የሰው ቃል ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ነን። አንድ ገበሬ «ሁለት በሬ» ብሎ የተናገረውን «ሦስት በሬ» ብሎ የሚጽፍ ጸሐፊ ምን እንደሚደርስበት እናውቃለን። የሌላውን ሰው ቃል ሳናጐድልና ሳንጨምር የጻፍን እጆች የገዛ ልጃችንን ቃል ለወጥን፤ በለወጥነውም ቃል ተራራ ላይ ብቻውን የቆመው እርሱ ነበረ። ባለቤታችንም ይህን በሰማች ጊዜ «እርስዎ የጻፉት ልጅ ሌላ ነው፤ የኛ ልጅ ገና አልተጻፈም» አለችን። መልስ አላገኘንላትም።

በሁለተኛው ዓመት ቬንገንን መረጥን። ይህ መንደር በበርን ተራሮች ውስጥ፥ አይገር ከተባለው 3967 ሜትር ከፍታ ካለው ተራራ በታች የተቀመጠ ነው። በአውቶሞቢል የሚገባበት መንገድ የለም። መኪናው ከታች በላውተርብሩነን ይቀራል፤ ሰው ከዚያ በባቡር ይወጣል። ከጄኔቭ ተነሥተን በበርንና በኢንተርላከን በኩል በባቡር ብቻ ወደ አራት ሰዓት በሚሆን ጊዜ ደረስን። ባቡሩ በ1893 ዓመት የተከፈተ ነው፤ ከመንደሩም አልፎ ክላይነ ሻይዴግ ወደሚባለው 2061 ሜትር ወደሆነው ስፍራ ይወጣል። ስለዚህ በመንደሩ በረዶው ቢሳሳ ከፍ ካለው ስፍራ ይገኛል። በ1930 ዓመት የተጀመረው የላውበርሆርን ውድድርም የሚደረገው በዚሁ ተራራ ላይ ነው። እኛን ያስደሰተን ግን የታላላቆቹ ውድድር አልነበረም። የጀማሪዎቹ ሜዳ በመንደሩ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ከተከራየነው ትንሽ ቤት ተነሥተን ሰባት ደቂቃ ተራምደን እንደርስ ነበር። ቤቱ እንደ ፊተኛው ያማረ አልነበረም፤ ሰገነቱ ጠባብ፥ ወንበሩም ያረጀ ነበረ። ነገር ግን ከመስኮቱ ልጅቱን በሜዳው ላይ እናያት ነበር፤ መኪና የሌለበት መንደር ስለ ሆነም ልጆቹ በትንሽ የእንጨት ተንሸራታች ሲመላለሱ ልባችን አልተንጠለጠለም።

ወረቀቱ በመጣልን ጊዜ ልጁን አጠገባችን አስቀምጠን የተናገረውን እንደ ተናገረው ጻፍን፤ «አራት ቀን ተምሯል፤ ባለፈው ዓመት በቀይ ጥርጊያ ላይ ፈርቷል» ብለን። ትምህርት ቤቱም ከሰማያዊ ልዑላን ጋራ መደበው። በመጀመሪያው ቀን ከእርሱ ካነሱት ልጆች ጋራ መቆሙ አሳፍሮት አንገቱን ደፍቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን መምህርቱ ራስዋ አይታ ከሰማያዊ ንጉሦች ጋራ ቀላቀለችው። ስሙን የሰጠው ችሎታው እንጂ የአባቱ ብዕር አልነበረምና፥ በዚያ ማታ እራት ላይ ዝም አላለም፤ የወረደበትን መንገድ በሹካ በጠረጴዛው ላይ እየሠራ አሳየን። ትንሿም ልጅ ስኖውሊ የተባለው ነጭ ጥንቸል ምልክት በሆነበት የሕፃናት ሜዳ ገብታ፥ በሳምንቱ መጨረሻ ልጆች ሁሉ በተወዳደሩበት ቀን ከኋላ ከቀሩት አንዷ ብትሆንም ሳትወድቅ ወረደች። አምና ከመንገድ መካከል ተቀምጣ ያለቀሰችው ልጅ ዘንድሮ «ነገ ደግሞ እንምጣ» አለች።

ከመዝጋታችን በፊት የሚጠቅሙ ጥቂት ነገሮችን እንጨምር። ስኪና ጫማ ለሚያድግ ልጅ አይገዛም፤ በመንደሩ ይከራያል። ጫማው ሰፊ እንዲሆን አይፈለግ፤ አንድ ቀጭን ካልሲ ብቻ ይበቃል፤ ሁለት ካልሲ የሚያሞቅ ይመስላል እንጂ እግርን ያቈስላል፥ ደምንም ይይዛል። የራስ ቁር ለልጅ የግድ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ የፀሐይን ጨረር አብዛኛውን ወደ ላይ ይመልሳልና፥ የእኛ ቆዳ ጥቁር ነው ብለን ሳንታለል የዐይን መነጽርና የፊት ቅባት እንያዝ። በተራራ ላይ የተጐዳ ሰው የሚወርድበት ዋጋ ብርቱ ስለ ሆነ፥ ይህን የሚችል ኢንሹራንስ ሳይገቡ መውጣት አይገባም።

የተራራውንም ሕግ ለልጆች አስቀድሞ ማስተማር ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን ያወጣቸው አሥር ደንቦች አሉ። ከእነዚህ ዋናው ከኋላ የሚመጣ ሰው ከፊቱ ያለውን እንዳይጐዳ መንገዱን የመምረጥ ግዴታ እንዳለበት የሚናገረው ነው። የመጨረሻውም ደንብ አደጋ ሲደርስ በዳዩም ተበዳዩም ምስክሩም ስማቸውን እንዲሰጡ ያዛል። እኛ ይህን ባነበብን ጊዜ ከሥራችን ብዙ ርቀን እንዳልሄድን ተረዳን።

በመጨረሻው ቀን እኛም ደፍረን ጫማውን ተጫማን። በሕፃናቱ ሜዳ ላይ ሦስት ጊዜ ወደቅን። በአራተኛው ልጃችን ከፊታችን ቆሞ ጫፉን አቀራርበን ተረከዛችንን እንድንገፋ አሳየን፤ እኛም እርሱ እንዳለን አድርገን እስከ ታች ደረስን። ከታችም ቆሞ የነበረው የትምህርት ቤቱ ሰው «እርስዎስ ስንት ቀን ተምረዋል?» ብሎ ቢጠይቀን፥ ልጁ ቀና ብሎ ፊታችንን ተመለከተ። እኛም «ዛሬ ብቻ» ብለን እውነቱን ተናገርን።